በቁራጭ ክር የተሰፋው እጅጌ

ልብስ ሰፊው መቀስ በዕድሜው አንድ ቀን ብቻ አንዲት ውሸት ሳይዋሽ ዋለ፤ የዚያን ዕለት ደግሞ የሚያምነው ሰው ጠፋ።

መቀስ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ሰፈሩ ነው ያወጣለት፤ እጁም አፉም ሲከፈት ሲገጠም ስለሚውል። ጨርቅ ሲቆርጥ ያወራል፤ ሲያወራ ይቆርጣል። “ከመቅጠኑ የተነሳ ጥላ የሌለው ሰው ሱሪ ሊያሰፋ መጣ። ወገቡን ልለካ ብዬ ሜትሩን ብጠመጥምበት ሰውዬው ሜትሩ ውስጥ ጠፋብኝ፤ እስከ ምሳ ስፈልገው ዋልኩ” ብሎ ሲናገር ዓይኑን እንኳን አያርገበግብም። “ታዲያ አገኘኸው?” የሚል የዋህ ከተገኘማ በቃ፣ የዚያን ቀን ሥራ የለም።

አብራው የምትሠራው ታላቅ እህቱ ናት። እሷን ደግሞ ሰፈሩ እትዬ ቋጠሮ ይላታል። ሁለቱ ከአባታቸው በተረከቡት አንድ ክፍል ውስጥ ይሠራሉ፤ መሃል ላይ ሰፊ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ሥር የእሷ የስፌት መኪና፣ በሩ አጠገብ የእሱ ካውያ። እሱ ይቆርጣል፣ እሷ ትሰፋለች፣ በመጨረሻ እሱ ጊዜያዊውን ክር ነቅሎ ይተኩሳል።

ለነገሩ ሁሉ ጦሰኛው ይኼ ጊዜያዊ ክር ነው። ልብስ በደንብ ከመሰፋቱ በፊት ጨርቁ እንዳይንሸራተት በእጅ ሰፋ ሰፋ ተደርጎ ይያያዛል፤ ዋናው ስፌት ካለቀ በኋላ ያ ክር ተነቅሎ ይወጣል። ለሚነቀል ነገር አዲስ ክር ማባከን በእትዬ ቋጠሮ ዘንድ ነውር ነው። ከጥልፍ የተረፈው፣ በስፌት መኪናው ማጠንጠኛ፣ በቦቢኑ ላይ የቀረው፣ ከስፌት ጫፍ የተበጠሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይቀጠልና ጭንቅላት የሚያህል ድቡልቡል ይሆናል። በዚያ ቤት ጥቁር ሱፍ በብርቱካናማ ክር፣ ነጭ ሸሚዝ በአረንጓዴ ተያይዞ ያየ እንግዳ ሰዎቹ አብደዋል ብሎ ያስባል። እነሱ ግን ደንብ አላቸው። ከጨርቁ ቀለም ጋር የማይሄድ ክር ካየህ ንቀል፤ አለቀ።

መቀስ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲነቅል ስለኖረ ለዚህ ጭንቅላቱን አያስቸግርም። የቀኝ አውራ ጣቱን ጥፍር አሳድጎ እንደ ምላጭ አስልቶታል። ጥፍሩ ይቆርጣል፣ ሁለት ጣቶቹ ይስባሉ፣ መዳፉ የተነቀለውን ይጠቀልላል፤ አፉ ደግሞ ጥላ ቢሱን ሰውዬ ይፈልጋል።

ድቡልቡሉ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ለመቀጠል የሚያጥረው ብጥስጣሽ ጆንያ ውስጥ ይገባል። ጆንያው ሞላ፤ ሌላ ጆንያ መጣ፤ እሱም ሞላ። እንዲህ እንዲህ እያለ ጥጉን በሙሉ ይዞ ጣሪያ ሊነካ ደረሰ። መቀስ እንደሚለው ከሆነ አንድ ሌባ በመስኮት ገብቶ ጆንያዎቹ የተቀመጡ ሽማግሌዎች መስለውት “ይቅርታ አባቶቼ፣ ቤት ተሳስቼ ነው” ብሎ መስኮቱን ከውጭ ዘግቶላቸው ሄዷል።

አሁን ወደ ፍቅሩ እንምጣ። መቀስ መርፌ ውስጥ ክር መክተት እያቃተው ሲመጣ መነጽር ቤት ሄደ። እዚያ ዓይን የምትለካው ሴት ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል አንብብ ስትለው፣ አንዱም አልታየው ስላለ ፊደሉን ከራሱ እየፈጠረ ስለ አንድ ሰነፍ አህያ የሚናገር ታሪክ ጫፍ እስከ ጫፍ አነበበላት። ሴትየዋ ወንበር ይዛ እስክትቀመጥ ሳቀች። መነጽሩ ተሠርቶ ዓይኑ ላይ ሲሰካ መጀመሪያ ያየው ያንን ሳቅ ነው። ከዚያ በኋላ “ብሎኑ ላላብኝ” እያለ ሲመላለስ ከረመ። ብሎኑን የሚያላላው እሱ ራሱ መሆኑን እሷም ታውቅ ነበር፤ ግን ሁልጊዜ በደንብ አታጠብቀውም ነበር።

አንድ ቀን ብሎኑን እያጠበቀች፣ “እሁድ ቤታችን ና። እናትና አባቴ ሊያዩህ ይፈልጋሉ። እህትህንም ይዘሃት ና” አለችው።

የመቀስ አንጀት ቅቤ ጠጣ። “ለአባትሽ የማወራላቸው ወሬ አለኝ—”

“እሱን ነው የምልህ። አባዬ ውሸት አይወድም።”

“ትንሽም?”

“ከአንተ በፊት አንድ ሰው መጥቶ ‘እኔ ወፍ ሳይንጫጫ ነው የምነሳው’ አለ። አባዬ በማግስቱ ጧት ቤቱ ድረስ ሄዶ በር አንኳኳ። ሰውዬው በፒጃማ ወጣ። በቃ።”

“በቃ ማለት?”

“በቃ ማለት በቃ። እኔ ደግሞ አባቴን አስከፍቼ ትዳር አልይዝም። አንዲት ውሸት፣ መቀስዬ! አንዲት ብታመልጥህ እኔ የለሁበትም።”

መቀስ ማለ። ሲምልም ምንም አልጨመረበትም።

ወደ ቤት ሲመለስ ግን ሌላ ሐሳብ ያዘው። ነገሩ ቢሳካና ሴትየዋ የሥራ ቦታህን ልይ ብትልስ? በሩን ከፍቶ ጥጉን ተመለከተ። ሽማግሌዎቹም ተመለከቱት።

“እታለም፣ ይኼ ቆሻሻ ከዚህ ይውጣልኝ።”

“የቱ ቆሻሻ?” እትዬ ቋጠሮ ከመኪናዋ ተነስታ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ ፈለገች፣ የእውነት የጠፋባት መስላ።

“ጆንያው!”

“እሱማ ክር ነው።”

“የማይሰፋበት ክር ምኑ ክር ነው? ወይ ሥራ ላይ አውዪው፣ ወይ ከእሁድ በኋላ እኔው ተሸክሜ ገንዳ ውስጥ እከተዋለሁ።”

“የእናታችንን መጋረጃ የጠለፍኩበት ክር ትርፍ እኮ አለበት።”

“መጋረጃው ራሱ ከተቀደደ ስንት ዘመኑ ነው!”

እትዬ ቋጠሮ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። እሷ ደግሞ ዝም ስትል ነው የምታስፈራው። በማግስቱ የመጀመሪያውን ጆንያ አፍ ፈታች። ደቃቃውን የመርፌ ትራስ ውስጥ ጠቀጠቀችው፤ ትራሱ ከማበጡ የተነሳ መርፌዎቹ ተነቅለው ለቤቱ ድመት አልጋ ሆነ። ረዘም ያለውን ሦስት ሦስት እያደረገች ጎንጉና የካውያውን እጀታ ጠመጠመችበት፣ ቁልፎቹን አንጠለጠለችበት፣ ለወንድሟ ጫማ ማሰሪያ ሠራችለት፤ አንዱ ቀይ አንዱ ቢጫ። ከጥልፍ በተረፈው የሚያብረቀርቅ ክር የጎረቤቶቹን ፎጣ ምልክት አደረገችበት፤ ለአባት ሰማያዊ፣ ለእናት ወይን ጠጅ፣ ለአማት ጥቁር። በዚያ ቤት ዘመናት ያስቆጠረው የፎጣ ጠብ በአንድ ከሰዓት በረደ። ለምንም የማይሆነውን ብናኝ መስኮት ላይ አስቀመጠችውና ወፎች ለጎጇቸው እየለቀሙ ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ጫጩቶች ጎጆው ጥልፍ ከሌለው አንፈለፈልም እያሉ እናቶቻቸውን አስቸግረዋል፤ መቀስ ነው ያለው።

ጆንያዎቹ ግን ንቅንቅ አላሉም።

በዚህ መሃል መቀስ ለእሁድ የሚለብሰውን ጥቁር ሰማያዊ ኮት ቆርጦ ሰጣት። ኮቱን እየሰፋች ግራ እጅጌው ላይ ስትደርስ ጥቁር ሰማያዊው ክር አለቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሄዳ ትገዛ ነበር። አሁን ግን “የማይሰፋበት ክር” የምትለዋ ቃል ጆሮዋ ውስጥ እንደ ትንኝ ትዞራለች። ከድቡልቡሉ ጠንካራ ጠንካራውን መርጣ፣ ድርብ አድርጋ፣ ብርቱካናማውን በአረንጓዴው፣ አረንጓዴውን በሐምራዊው ቀጥላ እጅጌውን በእጇ ገጠመችው። ስፌቱን ከገበሩ ሥር ሸሸገችው። ስታየው ኮራች።

ልትነግረው ስትሄድ መቀስ መስታወት ፊት ቆሞ እውነት መናገር ይለማመድ ነበር። “ሥራዬ ስፌት ነው” ይላል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ውሸት ይውጥና ጉሮሮው ሲንቀሳቀስ ይታያል። “ሥራዬ ስፌት ነው።”

“ግራ እጅጌህ በቁራጩ ክር ነው የተሰፋው። ጊዜያዊ አይደለም፣ ዋናው ነው። እንዳትነካው፣ ሰማኸኝ?”

“እሺ እሺ። ዕድሜዬ... ዕድሜዬ ያው የሚታየው ነው።”

እሁድ ከሰዓት እህትና ወንድም በሰዓቱ ደረሱ። በር የከፈቱላቸው አባትየው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሹፌር፣ አጭር፣ ሰፊ፣ ወፍራም መነጽራቸውን በባለ ብዙ ቀለም ማንጠልጠያ አንገታቸው ላይ ያሰሩ። እንግዶቹን ወደ ሳሎን ያስገቡት በእጃቸው መንገድ እየጠቆሙ ነው። “ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ፣ እዚያ ላይ ቁም። ተቀመጥ።” እናትየው ረዥም ቀጭን ሴት ናቸው፤ በዚያ ዕድሜያቸው ያለ መነጽር ከመንገድ ማዶ ያለ ሰው ሸሚዝ ላይ የጎደለ ቁልፍ ያያሉ። ጠረጴዛው ላይ ዙሪያውን ዳንቴል ያለው ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ተነጥፎ እስከ ተቀማጮቹ ጉልበት ወርዷል። የመነጽር ቤቷ ሴት ሻይና ብስኩት አቀረበችና አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። ዓይኗ ከመቀስ አፍ አልተነሳም።

“ሥራህ ምንድን ነው?” አሉ አባትየው።

“ስፌት ነው።”

“ጎበዝ ነህ?”

መቀስ ምራቁን ዋጠ። “መካከለኛ ነኝ።”

እትዬ ቋጠሮ ሻይዋ ትን አላት።

“ሰዎች ቀጠሮ ያከብራል ይሉሃል?”

“አይሉኝም፣ አባባ።”

አባትየው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው አዩት። እናትየው ሊያግዙት ፈልገው፣ “ስንቱን ሰው ስትለካ ትውላለህ መቼም። የማትረሳው ደንበኛ አለህ?” አሉ።

ጥላ ቢሱ ሰውዬ ከሆዱ ተነስቶ ሮጦ ጥርሱ ላይ ደረሰ። የመነጽር ቤቷ ሴት ትንፋሿን ያዘች።

“አንድ ቀጭን ሰው ነበር” አለ መቀስ።

“እሺ?”

“ሱሪ ሰፋሁለት።”

“ከዚያስ?”

“ለብሶት ሄደ።”

መቀስ ይኼን ያህል አጭር ወሬ አውርቶ ስለማያውቅ ላቡ ተንቆረቆረ። ከአፉ የተከለከለው ወሬ መውጫ ሲያጣ በትከሻው በኩል ዞሮ ወደ እጁ ወረደ። ስኒውን ለማንሳት ግራ ክንዱን ከፍ ሲያደርግ ብብቱ ሥር አንዲት ብርቱካናማ የክር ጫፍ ብቅ ብላ አየ። ማየቱንም ልብ አላለውም። ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ፣ ብርቱካናማ ክር፤ ቀኝ እጁ ሰው ሳይጠይቅ ሄደ።

አባትየው ስለ መንገድና ስለ ሹፌር ትዕግሥት ሲያስረዱ መቀስ አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማል። ጥፍሩ ይቆርጣል፣ ጣቶቹ ይስባሉ፣ መዳፉ ይጠቀልላል። ብርቱካናማው አለቀ፤ አረንጓዴው ተከተለ፤ ሐምራዊው መጣ። እትዬ ቋጠሮ ለእናትየው ስለ ዳንቴሉ ማማር እየነገረች ስለነበር አላየችውም።

“ስኳር ጨምር እንጂ” አሉት አባትየው።

መቀስ ግራ እጁን ዘረጋ። እጅጌው ከትከሻው ለቀቀና ክንዱን ይዞ እንደ ላላ ካልሲ ወረደ። ስኳር ዕቃው ላይ ደርሶ ተሸበለለ።

የመቀስ ሸሚዝ ክንድ፣ እንደ ሙሽራ ነጭ፣ ሳሎኑ መሃል ተዘርግቶ ቀረ።

“ምንድን ነው ይኼ?” አሉ አባትየው።

መቀስ ጭንቅላት ውስጥ ውሸቶች እንደ አውቶብስ ተሳፋሪ ተጋፍተው ተሰለፉ። ‘ለሙቀት የሚወልቅ አዲስ ፋሽን ነው።’ ‘ሐኪም ግራ እጅህ አየር ይፈልጋል ብሎኝ ነው።’ አንዱ ከአንዱ ያማረ ነው። ቀና ሲል ግን የመነጽር ቤቷን ሴት ዓይን አየ።

“አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት። እኛ ቤት የተረፈ ክር አይጣልም። እኔ እህቴን ክሩን ካልሠራሽበት እጥለዋለሁ ብዬ አስፈራራኋት፤ እሷም እጅጌዬን በሱ ሰፋችው። እኛ ቤት ደግሞ ቀለሙ የማይሄድ ክር ሁሉ የሚነቀል ነው። አሁን እርስዎ ሲናገሩ እጄ አየውና... ነቀለው።”

“እጅህ።”

“እጄ።”

“አንተ የት ነበርክ?”

“እየሰማሁዎት ነበር።”

አባትየው ወደ ኋላ ተደገፉ። “ስማ ወንድሜ። እኔ መሪ ይዤ ባረጀሁበት ዘመን ትኬት የሌለው ተሳፋሪ የሚለውን ሰበብ ሁሉ ሰምቻለሁ። ትኬቴን ሕፃኑ በላብኝ ያለኝ አለ። ነፋስ ወሰደብኝ ያለኝ አለ። ‘ኮቴን ራሴ ነቀልኩት፣ ግን ሳላውቀው ነው’ ያለኝ እስከ ዛሬ የለም!”

“እውነቱን ነው!” አለች እትዬ ቋጠሮ። “እጁ እንዲህ ነው። ልጅ ሆኖ የጎረቤታችንን የአልጋ ልብስ የጠርዝ ቅምቅማት በሙሉ—”

“አንቺ እህቱ ነሽ፤ ምን ልትዪ ትችያለሽ?”

የመነጽር ቤቷ ሴት ቀስ ብላ ተነሳችና ገና ሻይ ያለባቸውን ስኒዎች መሰብሰብ ጀመረች። ይኼ ምን ማለት እንደሆነ መቀስ ገባው። ፊቷን ለማየት ሞከረ፤ እሷ ግን ወደ ትሪው አጎንብሳለች። ሰማይ ተደፋበት።

“ይመኑኝ አባባ! በዕድሜዬ የዛሬን ያህል እውነት ተናግሬ አላውቅም!” አለ።

“ታዲያ የወትሮው ምን ነበር?” አሉ አባትየው፤ ይህም አልጠቀመውም።

በዚህ ሁሉ መሃል እናትየው እጅጌውን ከስኳሩ ላይ አንስተው፣ አራግፈው፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስደውታል። የተረፈውን ስፌት ከዳር እስከ ዳር አዩት።

“ይኼን የቀጠልሽው አንቺ ነሽ?”

“እኔ ነኝ እማማ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።”

“ምን ያሳፍርሻል? ቋጠሮው የታለ? እኔ ስቀጥል እኮ ጉብ ይልብኛል፤ የምስር ፍሬ ነው የሚያህለው።”

እትዬ ቋጠሮ ቀና አለች። “ጫፍና ጫፉን ይዘው ከሆነ ጉብ ይላል። የአንዱን ጫፍ በመርፌ በሌላኛው ክር ሆድ ውስጥ ያሳልፉታል፣ ከዚያ ትንሽ ምራቅ።”

“ምራቅ!”

“ትንሽ ነው። ከዚያ በጣትዎ አሸት።”

“እኔ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ አለኝ። የጣት ርዝመት ካለው አልጥልም።”

“የጥፍር ያህሉንስ ይጥላሉ?” አለች እትዬ ቋጠሮ ደንግጣ።

“እሱ ደግሞ ለምን ይሆናል?”

“ለአሻንጉሊት ሆድ! ለመርፌ ትራስ! ለወፍ!”

“ልመንህ?” እያሉ አባትየው በሌላው ጫፍ ይጮሃሉ። “እጅ ከሰውዬው ተለይቶ የራሱ ሥራ አለው ብዬ ልመንህ?”

“አለው፣ አባባ! እኔም አስቸግሮኛል!”

“የእሳቸውን ካልሲ አየሽው?” ይላሉ እናትየው በመስኮቱ በኩል፣ ባላቸውን በአገጫቸው እየጠቆሙ። “ተረከዙን በትርፍ ክር ስደፍን ስደፍን ከፋብሪካ የመጣው ክር አንድም አልቀረበትም። ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው። የመነጽራቸው ማንጠልጠያም ከጥልፍ የተረፈ ነው። የጥልፍ ክር ሲፈቱት ብዙ ቀጫጭን አይደል? በግማሹ ትጠልፊያለሽ፣ ግማሹን ትጎነጉኚዋለሽ።”

“እኔስ በሱ ለፎጣ ምልክት ነው የማደርገው!”

“ይኼንንማ እመጣለሁ፣ ታሳዪኛለሽ። ቆይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ። የዚህ የጠረጴዛ ልብስ ዳንቴል ተገንጥሎ ነበር። ነጭ ክር ገዝቼ ላባክን? ከቆርቆሮዬ አረንጓዴ አውጥቼ ከሥር በኩል ያያዝኩት። ነጭ ላይ አረንጓዴ፣ ግን ካልገለጡት ማን ያየዋል?” አሉና ወደ ጠረጴዛው ተመልሰው የልብሱን ጠርዝ ያዝ አድርገው ገለጡት።

ዳንቴል የለም።

እናትየው ጠርዙን በእጃቸው እየተከተሉ ሄዱ። ዳንቴል የለም፣ የለም፣ የለም፤ ወለሉ ላይ ግን እንደ እባብ ቆዳ ተጋድሟል። እየተከተሉት መቀስ ወንበር ጋ ደረሱ። መቀስ በአንደበቱ “ይመኑኝ!” እያለ ነው። ጠረጴዛው ሥር፣ ጉልበቱ ላይ፣ ቀኝ እጁ የመጨረሻዋን ጠርዝ ይዞ ጥፍሩ ይቆርጣል፣ ጣቶቹ ይስባሉ። መዳፉ ውስጥ የሎሚ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ድቡልቡል ተቀምጣለች፤ ጫፏ እንኳን እንዳይፈታ በሥርዓት ገብቷል።

“እጅህን!” አለች እትዬ ቋጠሮ።

መቀስ እጁን አየው። የሰው እጅ እንደሚያይ ነው ያየው።

አባትየው መነጽራቸውን አወለቁ፤ በሸሚዛቸው ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉና ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አሉ። እዚያ ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ። መጀመሪያ የተሰማው ከጠረጴዛው ሥር የሚመጣ፣ ሞተሩ አልነሳ ያለ መኪና የሚመስል ድምፅ ነበር። ከዚያ ሞተሩ ተነሳ። አባትየው በሳቅ ፈንድተው፣ እንባቸው እየወረደ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

“እውነቱን ነው! እናንተ፣ ሰውዬው እውነቱን ነው! እጁ ነው!”

የመነጽር ቤቷ ሴት ትሪውን አስቀምጣ ወንበር ፈለገች። ያው የመጀመሪያው ቀን ሳቋ ነበር፤ ወንበሩን ገና ሳታገኘው ጀመራት።

“ልጄ” አሉ አባትየው፣ ጠረጴዛውን ተደግፈው እየተነሱ፣ “ይኼ ሰው ልዋሽሽ ቢል እንኳን እጁ ያሳብቅበታል። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? አንቺን ደስ ካለሽ እኔን ደስ ብሎኛል።”

“ደስ ብሎኛል፣ አባዬ” አለች፤ ዓይኗን እየጠረገች።

የመቀስ ነፍስ መለስ አለች። እናትየው ግን አልሳቁም። ዳንቴሉን ከወለሉ ላይ ሰብስበው ጭኑ ላይ ጣሉለት።

“ሳትሰፋው ከዚህ ቤት የምትወጣ እንዳይመስልህ።”

“እሺ እማማ። ነጭ ክር ካለ—”

“ነጭ አለኝ። አዲስ ነው፤ አልፈታውም። መዳፍህ ላይ የያዝከው ምን ሆኖ ነው?”

ስለዚህ መቀስ ባንድ እጅጌ ኮት ተቀምጦ፣ ራሱ በነቀለው አረንጓዴ ክር፣ ቁርጥራጩን እየቀጠለ መስፋት ጀመረ። የመነጽር ቤቷ ሴት መርፌውን ከታችለት። እትዬ ቋጠሮና እናትየው ቆርቆሮውን ሶፋው ላይ ገልብጠው፣ ቀለም በቀለም እየለዩ፣ የጆንያዎቹን ብዛት በሹክሹክታ ተነጋገሩ። እናትየው “ጣሪያ ሊነካ?” ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ቅናት ነበር። “ለገንዳ ነው የሚለው” ብላ እትዬ ቋጠሮ አሳጣችው።

“ማን? እሱ?” አሉ እናትየው፣ መቀስን እያዩ።

“ኧረ እኔ ምን ብዬ!” አለ መቀስ፤ ወዲያው ምላሱን ነከሰ። “ብያለሁ እማማ። ብያለሁ፤ አይደገምም። ከዚያ ጥግ አንዲት ክር አትወጣም።”

አባትየው ወንበራቸውን ጎትተው አጠገቡ ተቀመጡ። ሳቃቸው ገና ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። “አንድ ጊዜ ምን ሆነ መሰለህ” አሉት ጉሮሯቸውን ጠርገው። “ቁልቁለት ላይ የአውቶብሱ ፍሬን እምቢ አለኝ። ምን ላድርግ? ተሳፋሪውን ‘በሙሉ ወደ ኋላ ተደገፉ!’ አልኩት። ተደገፈ። አውቶብሱ ቀጥ ብሎ ቆመ። መቆም ብቻ? ቁልቁለቱን መልሶ፣ ወደ ኋላው፣ ዳገት ወጣ!”

መቀስ መርፌውን ይዞ ደርቆ ቀረ። ወደ መነጽር ቤቷ ሴት ዘንበል ብሎ፣ “አባትሽ ውሸት አይወዱም አላልሽም?” አላት።

“የሰው ነዋ የማይወደው” አለች በሹክሹክታ።

“አመንከኝ?” አሉ አባትየው።

ሴቶቹ ክር መለየታቸውን ተዉ። አዎ ቢል ውሸት ነው፤ አይ ቢል ባለቤቱን በገዛ ቤታቸው መዝለፍ ነው።

“አላመንኩዎትም፣ አባባ” አለ መቀስ።

የአባትየው ቅንድብ ከመነጽሩ በላይ ወጣ። “ለምን?”

“መደገፋቸው ጥሩ ነው። መቆሙም ያምራል። ወደ ኋላ ሲወጣ ግን ተሳፋሪዎቹ ዝም አሉ። ያ ሁሉ ሰው ወደ መጣበት ሲመለስ እንዴት አንድ ቃል አይናገርም? እዚያ ላይ ነው ስፌቱ የለቀቀብዎት።”

አባትየው አገጫቸውን ያዙ። ወደ ግድግዳው እያዩ ብዙ አሰቡ። “ልክ ነህ” አሉ በመጨረሻ፣ ቅር እያላቸው። “ስንት ዘመን ስናገረው አንድ ነገር እንደሚጎድለው ይታወቀኝ ነበር። ምን ይበሉ ታዲያ?”

“‘ቁም! እኛ የከፈልነው ለመሄጃ ብቻ ነው!’ ይበሉ።”

አባትየው ጠረጴዛውን በጡጫቸው መቱት። “ጎሽ! እሱን ነው! ቆይ፣ ከዚያ እኔ ምን ልላቸው?”

መቀስ አፉን ሊከፍት ሲል እናትየው ከሶፋው ተነስተው መጡና የጠረጴዛውን ልብስ ከጉልበቱ ላይ ሳብ አድርገው የተሰፋው እንዳልተነቀለ በቅርበት አዩ።

“አውራ” አሉት። “እጅህ ግን ወደፊት ይሂድ።”